በሽልም ያውጣሽ፦ ለነፍሰ ጡር ስለሚነገሩ ቃላት



በአሶሳ ከተማ ከአንድ ባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ መቁጠር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። በእነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ አርግዣለሁ። የመጀመሪያዋ ልጄ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ሁለተኛው ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ከውስጥ እየረገጠ «እኔንም ጨምሪኝ» የሚለኝ ይመስለኛል። በሥራዬ ምክንያት በቀን ከመቶ ከማያንስ ሰው ጋር ፊት ለፊት እተያያለሁ። የባንክ መስኮት ገንዘብን ይጠብቅ እንደሆነ እንጂ ሆድን ከሰው ዓይን አይጠብቅም።

አንዱ ደንበኛ ሒሳቡን ሊያስገባ መጥቶ «ሆድሽ ወደ ፊት ሾጠጥ ብሏል፤ ወንድ ነው» ይለኛል። እሱ ሳይወጣ ከኋላው የተሰለፈችው ሴት «ምን ወንድ! ጎኗ ሰፍቶ እያየህ? ሴት ናት» ብላ ትሽረዋለች። አንዲት እናት የጡረታ ደብተራቸውን ከማቀበላቸው በፊት «ልጄ፣ ወተት እንዳትጠጪ፤ በሕፃኑ አናት ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል» ብለው ያስጠነቅቁኛል። ሌላዋ ተልባ እንድጠጣ፣ ሦስተኛዋ ሙዝ እንዳልነካ፣ አራተኛዋ በቀትር ፀሐይ እንዳልወጣ ታዝዘኛለች። «ብዙ አትብዪ፤ ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጸናብሻል» ያሉኝም «ለሁለት ነፍስ ብዪ እንጂ፣ ምነው እንዲህ ከሳሽ?» ያሉኝም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰልፍ የቆሙ ሰዎች ነበሩ። ከወሎ የመጡት ሽማግሌ ግን ገንዘባቸውን ተቀብለው ሲሄዱ «አብሽሪ! አላህ በሰላም ያገላግልሽ» ብቻ ብለው አለፉ። ያን ዕለት ከተነገሩኝ ሁሉ ሳልከራከር «አሜን» ያልኩት ለእርሳቸው ቃል ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ያናድደኝ ነበር። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው የአበው ተረት እኔ ላይ ተገልብጦ፣ አገር ሁሉ ለእኔ ምጥ የሚያስተምር መሰለኝ። እየቆየሁ ግን ከንዴቴ ወጥቼ መጠየቅ ጀመርኩ። ይህ ሁሉ ቃል ከወዴት መጣ? ሰው የማያውቃትን ሴት መንገድ ላይ አስቁሞ ስለ ማኅፀኗ እንዲመክራት የሚያስደፍረው ምንድን ነው? ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ፍሬ ነው።

* * *

ከስሙ እንጀምር። «ነፍሰ ጡር» ስንል «ጡር» የሚለው ቃል ተሸከመ ለማለት ከሚነገረው የግዕዝ «ጾረ» የመጣ ነው። ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ሸክም ያለበትን ሰው ደግሞ መንገደኛ ሁሉ «አይዞህ» ይለዋል፤ «በዚህ ሂድ፣ በዚያ አትለፍ» ይለዋል። ይህ የአገራችን የመንገድ ሕግ ነው። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚለው ምርቃትም ለእኔ የመንገድ ምርቃት ነው። ሽልም የሚለው ቃል ሽልማትንና ጌጥን ያስታውሰኛል፤ ነገር ግን «ታውጣሽ» የሚለው ቃል ካለ፣ መግባትም፣ ገብቶ መቅረትም አለ ማለት ነው። ምርቃቱ በውስጡ ፍርሃትን ይዟል። የወለደችውንም «ወለድሽ» ብለን ብቻ አንተዋትም፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ከሞት ተምረሽ ወጣሽ እንደማለት ነው።

ይህ ፍርሃት በብራና ላይ ተጽፎ የቆየ ነው። በአገራችን ከታወቁት የክታብ ጽሑፎች ውስጥ ለእርጉዞችና ለአራሶች እጅግ ብዙ ጊዜ የተጻፈው የቅዱስ ሱስንዮስ ድርሳን ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ውርዝልያ የምትባል ክፉ መንፈስ የሱስንዮስን አራስ ልጅ ትገድላለች። እርሱም በፈረስ ሆኖ ጦሩን ይዞ ይከተላታል፤ ያገኛታል፤ ይወጋታል። እርሷም ስሙ በተጠራበት ቦታ፣ ስሙ የተጻፈበትን በያዘች ሴት ዘንድ ዳግመኛ ላትደርስ ትምላለች። ደብተራው ይህን ታሪክ በቀይና በጥቁር ቀለም ጽፎ፣ የሚያፈጡ ትልልቅ ዓይኖች ሥሎበት፣ ብራናውን በባለቤቲቱ ቁመት ልክ ይቆርጠዋል። ክታቡ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ እንዲጠብቃት ነው።

ታሪኩ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በጥንቷ መስጴጦምያ ላማሽቱ፣ በግሪኮች ጌሎ፣ በአይሁድ ሊሊት የሚባሉ ሕፃናትን የሚነጥቁ ሴት መናፍስት ነበሩ። የእኛ ሱስንዮስም በግሪኩ ዓለም «ሲሲንዮስ» ተብሎ በተመሳሳይ ክታብ ላይ ይገኛል። ከኤፍራጥስ ዳር እስከ ወሎ ተራራ ድረስ ሰው አንድ ነገር ሲያይ ኖሯል ማለት ነው፦ ጤነኛ የነበረች ሴት ወልዳ ስትሞት፣ የሞላ ሕፃን ተወልዶ ሲጠፋ። ምክንያቱን የሚነግረው ስላልነበረ ስም ሰጠው። ስም ከሰጠው በኋላ ደግሞ የሚዋጋበትን ቃል ፈለገ። በዚያን ዘመን ከቃል በቀር መድኃኒት አልነበረምና።

* * *

በቤታችን ግድግዳ ላይ የአያቴ ፎቶግራፍ የለም፤ ተነሥታም አታውቅ። ያለን በቆዳ ማኅደር የተጠቀለለ አንድ ክታቧ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ዘርግቼ ከራሴ ጋር ብለካው ጫፉ ከቅንድቤ ላይ ደረሰ። አያቴ ከእኔ በአራት ጣት ያህል ታጥር እንደነበር ያወቅሁት በዚህ ነው። ከአካሏ የቀረ ልኬት እርሱ ብቻ ነው።

አያቴ የወሎ ሰው ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ እናቴ ናት። ከእናቴ በኋላ ሦስት ወልዳ ሦስቱንም ቀበረች። ጎረቤት «ሾተላይ አለባት» አለ። ሾተላይ ድምፁ ሾተልን፣ ያን ቆልማማ ሰይፍ ያስታውሳል፤ በእናቱ ማኅፀን ሳለ ልጅን የሚቆርጥ ነገር ማለት ነው። ክታቡም የተጻፈላት ያኔ ነው። እናቴ እንደምትነግረኝ ለአያቴ ያልተመከረ ነገር አልነበረም። ይህን እሰሪ፣ ያን ጠጪ፣ በዚያ ምንጭ አትውረጂ፣ የእገሌን ዓይን ሽሽ ተባለች። ከምክሩም ይልቅ ያቆሰላት በምክሩ ውስጥ የተደበቀው ክስ ነበር፦ ልጆችሽ የሞቱት አንድ ነገር ስላጎደልሽ ነው የሚለው።

ከዚያ የ1977ቱ ረሃብ መጣ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንዲሰፍር ተደረገ። ከመዳረሻዎቹ አንዷ ያን ጊዜ በወለጋ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው የአሶሳ አውራጃ ናት። ሰው በአውቶብስ፣ በጭነት መኪና፣ ሌላውም በአውሮፕላን ተጫነ። አያቴ አራተኛዋን የሐዘን እርግዝና ተሸክማ ነበር የተሳፈረችው፤ ሰባት ወሯ ነበር። የሰፈሩባቸው መንደሮች ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ «አምባ» እየተባሉ ቁጥር ይሰጣቸው ነበር። እስካሁንም ድረስ በቁጥራቸው የሚጠሩ አሉ።

በዚያ ቁጥር ባለው መንደር፣ ከቀርቀሃና ከሣር በተሠራች ጎጆ ውስጥ አያቴ ወለደች። ልጁ ሁለት ቀን ቆየ። እናቴ ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ስለነበረች ታስታውሳለች። የሕፃኑ ዓይንና ቆዳ እንደ እርድ ቢጫ ነበር ትላለች። በአምባው ውስጥ ሁሉም እንግዳ ነበር፤ ምክር የሚሰጥ አሮጊት፣ ክታብ የሚጽፍ ደብተራ፣ የሚታወቅ ምንጭ የለም። እናቴ ስለዚያ ሌሊት ስትናገር አንድ ነገር ሁልጊዜ ትደግማለች፦ «በዚያ ሌሊት ሰው ጠፋ። ክፉ የሚናገርም እንኳ ጠፋ።»

* * *

እዚህ ላይ ከአምባው ድሃ ቤት ወደ ቤተ መንግሥት ልውሰዳችሁ፤ መንገዱ የተራራቀ ቢመስልም አንድ ነውና። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ የተማረች፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሳ ሕዝቧን ለማገልገል የተነሣች ወጣት ነበረች። በ1934 ዓ.ም. አብይ አበበን አግብታ ወደ ባሏ የሥራ ቦታ ወደ ነቀምት ሄደች። ነቀምት አሶሳ ትተዳደርበት የነበረው የወለጋ ዋና ከተማ ናት። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር፣ ከሠርጓ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመቷ እዚያው ነቀምት ላይ ዐረፈች። በስሟ በአዲስ አበባ የመታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ የኢትዮጵያ ወዳጅ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ በማሰባሰብ ደክማለች፤ ያ ሆስፒታል በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ።

ይህን ታሪክ ሳስብ የሚደንቀኝ ነገር አለ። ልዕልቲቱ ሙያውን ታውቅ ነበር፤ ምክር አላጠራትም፤ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ነበረች። ነገር ግን እውቀት በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ብቻ ሲሆን፣ ደም የሚሰጥ፣ ቀዶ የሚያክም ቤት በአቅራቢያ ከሌለ፣ ልዕልቷም የአምባዋም ሴት በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

ከአሶሳ ማዶ በካማሺና በመተከል ደግሞ ሌላ ታሪክ አለ። በጉሙዝ ወገኖቻችን ዘንድ የወሊድ ደም በቤት ውስጥ ከፈሰሰ መዓት ያመጣል ተብሎ ስለሚታመን፣ ምጥ የያዛት ሴት ከቤት ወጥታ በጫካ ወይም በወንዝ ዳር ብቻዋን የመውለድ ልማድ ኖሯል። ልማዱ እየቀነሰ ቢመጣም ጨርሶ ጠፋ ማለት አይቻልም። በትከሻዋ ላይ በምታጋድመው እንጨት ግራና ቀኝ ሸክም አንጠልጥላ በሚዛን የምትሄደው የጉሙዝ ሴት፣ ያንን አንድ ሸክም ግን ያለ አጋዥ ታወርዳለች። እኛ ደገኞቹ ይህን ስንሰማ ራሳችንን እንነቀንቃለን። ነገር ግን በእኛ ቤት ሴቱ ሁሉ ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» እያለ ሲማጠን ስንቷ ከሰው መሐል ሞታለች? አንዷ በዝምታ መሐል፣ ሌላዋ በቃል ብዛት መሐል። ሁለቱም የጎደላቸው አንድ ነበር፦ የሚያውቅ እጅ።

* * *

መንግሥትም በበኩሉ መካሪ ሆኖ መጥቷል። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ፤ ቤት ለቤት እየዞሩ «ክትትል ጀመርሽ ወይ? የት ልትወልጂ ነው?» ይሉ ጀመር። ይህም ያልተጠየቀ ምክር ነው፤ አንዳንዷም እንደ እኔ ተቆጥታ ይሆናል። ቁጥሩ ግን ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 ደርሰዋል። ከ100,000 ወሊድ ውስጥ የሚሞቱት እናቶች ግምት በ1992ቱ ጥናት 871 ነበር፤ በ2008ቱ ጥናት 412 ሆነ። እኔ ቁጥር መቁጠር ሥራዬ ነውና አንድ ልበል፦ 412 ከ871 ያንሳል፤ ለአንዲት ቤት ግን አንድም ሙሉ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከአራት ዓመት በፊት፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለሁ፣ አንዲት የበርታ እናት ወደ መስኮቴ መጡ። በጉባ በሕዳሴው ግድብ ሥራ ላይ የነበረው ልጃቸው የላከላቸውን ገንዘብ ሊወስዱ ነው። ብሩን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። አልሄዱም። ሆዴን አይተው እንደ ሌላው ሰው አንድ ነገር ሊያዙኝ ነው ብዬ ፊቴን ኮስተር አደረግሁ።

«ስንተኛሽ ነው ልጄ?»

«የመጀመሪያዬ ነው፣ እማማ።»

«ደምሽስ ታወቀ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«የአንዳንዷ ደም ከልጇ ደም ጋር አይስማማም። ልጄ ሦስት ቀብራለች። ኋላ ነው ሐኪም የነገራት። ካርድሽን እዪው።»

ይህን ብለው ሄዱ። ማታ የክትትል ካርዴን ገልጬ አየሁ። ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ይዤው ተመላልሻለሁ፤ ማንም ልብ ብሎ አልነገረኝም፤ እኔም ልብ ብዬ አላየሁም። በአንዲት ጠባብ ሰንጠረዥ ውስጥ «ኦ ኔጌቲቭ» ተብሎ ተጽፏል። የባሌ ደም ፖዘቲቭ ነው።

ዛሬ ሐኪሞች ሾተላይ የሚሉት ይህንኑ ነው። የእናት ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የልጅ ደም ፖዘቲቭ ሲሆን የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ደኅና ይወለዳል። በወሊድ ጊዜ ግን ደማቸው ይነካካና የእናት ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያበጃል። ያ መከላከያ የሚቀጥለውን ልጅ ደም ያፈርሳል፤ ሕፃኑ ይገረጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይሞታል። ላንድሽታይነርና ዊነር የሚባሉ ሊቃውንት ይህን የደም ምልክት ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፤ መከላከያው መርፌ በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። መርፌው ራሱ የሚሠራው ከሰው ደም ነው። ጄምስ ሃሪሰን የሚባሉ አውስትራሊያዊ ለዚህ መድኃኒት ሲሉ ከ1,100 ጊዜ በላይ ለግሰው እ.ኤ.አ. በ2025 በ88 ዓመታቸው ዐርፈዋል።

የአያቴን ደም የመረመረ የለም። በዚያ ዘመን ረሃብም፣ ወባም፣ ሌላ ሕመምም ልጅ ይነጥቅ ነበርና እርሱ ነው ብዬ አልምልም። ነገር ግን የመጀመሪያዋ ልጅ መትረፏ፣ ከእርሷ በኋላ የመጡት ሁሉ መጥፋታቸው፣ የዚያ ሕፃን ቆዳ እንደ እርድ መሆኑ ከካርዴ ጋር ሲገጥም ሌሊቱን አላስተኛኝም። መርፌው በሥራ ላይ ከዋለ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ነው አያቴ በአምባው ውስጥ ብቻዋን ያለቀሰችው። አንድም ነገር አላጎደለችም ነበር። ጥፋተኛ አልነበረችም።

መርፌው በአሶሳ አልተገኘም። መንገዱም በፀጥታ ችግር የሚዘጋበት ጊዜ ነበርና ወንድሜ ከአዲስ አበባ በበረዶ ዕቃ አድርጎ በአውሮፕላን ላከው። ልጄ በተወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ተወጋሁት። ዘንድሮም በ28ኛው ሳምንት ደገምኩት። የሚመጣው ልጅ እንዴት እንደሚመጣ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው፤ ቢሆንም በሩ አልተዘጋበትም።

እኒያን እናት ከዚያ በኋላ በመስኮቴ አላየኋቸውም። ስማቸውን በደረሰኝ ላይ አንብቤው ነበር፤ አላስታውሰውም። አሁን ግን የሚገባኝ አንድ ነገር አለ። ሰው ለነፍሰ ጡር የሚናገረው ቃል፣ ትክክልም ይሁን ስሕተት፣ ብዙውን ጊዜ የአንድ መቃብር ምልክት ነው። ወተት አትጠጪ ያሉኝ እናት የሆነ ጊዜ የሆነች ሴት ስትሞት አይተዋል፤ ምክንያቱን ግን ሳቱት። የበርታዋ እናትም መቃብር አይተዋል፤ እርሳቸው ግን ምክንያቱን አወቁት፤ ሲናገሩም ከትእዛዝ ሳይሆን ከጥያቄ ጀመሩ። ልዩነቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ዛሬ ወተቴን እየጠጣሁ፣ ወተት የከለከሉኝን እናት ግን አልቆጣቸውም። «አሜን፣ እማማ» እላቸዋለሁ፤ ቀጥዬም «እርስዎ ስንት ወለዱ?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ያን ጊዜ ምክሩ ያበቃና ታሪኩ ይጀምራል።

የሚቀጥለው ወር የወሊድ ፈቃዴ ይጀምራል። ከመስኮቱ ስነሣ የማነሣት ስንኝ ይህች ናት፦

የነገሩኝ ሁሉ ቃል ብቻ አይደለም፤
ያለቀሱት እንባ ያዩት የሰው ሕመም።
ከሺህ ምክር መሐል አንዲት ቃል አለችኝ፣
ደምሽስ ታወቀ ብላ የጠየቀችኝ።

ቸር እንሰንብት።